ያልመጣው ማነው?

መርሳ ላይ በሽምግልና የኖሩት አጎቴ ካረፉ አርባ ቀን ሞላ። ስለ እርሳቸው ብዙ ማለት ይቻላል፤ እኔ ግን አንድ ልማዳቸውን ብቻ ላስታውስ። ባለጉዳዮች ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ሲሰበሰቡ፣ «ያልመጣው ማነው?» ሳይሉ ነገር አይጀምሩም ነበር። እኔ በመንግሥት ሥራ ዘመኔ ምልዓተ ጉባኤ ከተሟላ ስብሰባ እከፍት ነበር፤ እርሳቸው የሚያዩት የጎደለውን ነበር።

ወልዲያ ሶሲዮሎጂ የምትማረው ልጄ የመመረቂያ ጥናቷን በወረዳችን በሐብሩ ሽምግልና ላይ ሠርታ፣ ለማስረከብ ሳምንት ሲቀራት አነበበችላቸው። ሰምተው ሲጨርሱ ያንኑ «ያልመጣው ማነው?» ብለው ጠየቋት።

«አባባ፣ አሥራ ሁለት ሽማግሌ አነጋግሬያለሁ እኮ።»

«እኛንማ አነጋገርሽ። ያስታረቅናቸው ሴቶችስ?»

«ጊዜ የለኝም፤ ካልደረሰልኝ ከጓደኞቼ ጋር አልመረቅም።»

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ሴቶቹ ያሉት ግራና ነው፤ መኪናው ሳይሄድ ድረሺበት።»

እንባዋን እየጠረገች ሄደች። በሦስተኛው ቀን ተመልሳ የአንዲት የግራና እናት ቃል አነበበችላቸው፦ «ታረቁ ተባልን እንጂ፣ ትታረቂያለሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም።»

አጎቴም፣ «ከባሏ ያስታረቅኋት እኔ ነኝ። እንዳለ ጻፊው» አሏት።

ጥናቷን በቀኑ አስረከበች፣ ተመረቀችም። እርሳቸው ግን ያን ቀን አልደረሱበትም።

በተዝካሩ ዕለት መቀመጫቸው ባዶ ነበር። ቤቱ ሞልቷል ብዬ ለመናገር ስነሣ ልጄ እጄን ያዘችኝ።

«አባዬ፣ የግራናዋ እናት መንገድ ላይ ናቸው።»

ተቀምጬ ጠበቅኋቸው።