ሳክስፎን ያዘልኩበት ቀን

ባለፈው እሑድ ልጄ አልማዝ የመጀመሪያ ልጇን ይዛ ልትጠይቀኝ መጣች። ሕፃኑ አልተኛ ቢል አንቀልባውን ተቀብያት አዘልኩት። ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያልኩ ቸብ ቸብ ሳደርገው ጆሮዬ አንድ ድምፅ ይጠብቃል፤ ቀጭ ቀጭ የሚል። ከየት ይምጣ? የሕፃን ገላ ለስላሳ ነው። ብቻዬን ሳቅሁ።

«ምን አሳቀሽ እማዬ?»

«ካንቺ ቀጥሎ ያዘልኩት ልጅ ትዝ ብሎኝ ነው።»

አልማዝ ወንድምም እህትም የላትም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ነገርኳት፤ ሰምታ ስታበቃ ጻፊው አለችኝ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ እንደማወራው እጽፈዋለሁ።

መጀመሪያ የፈራሁበትን ሰዓት ልናገር። የደርግ ጊዜ ነው፣ ወሩ የካቲት፤ ናዝሬትን ያ ደረቅ ነፋስ አቧራ የሚያለብስበት። የቀበሌያችን ሰልፍ ነበር። ባለቤቴ ደምሴ ከኪነት ቡድኑ ፊት ቆሞ ሳክስፎን ይነፋል፣ እኛ በማርሹ እግራችንን እናነሳለን። መሀል ላይ ደምሴ ዓይኑን ጨፈነ። ዓይኑን ሲጨፍን የት እንደሚሄድ አውቃለሁ። ማርሹን ትቶ በራሱ መንገድ ወጣ። ዜማው ቀስ አለ፣ ወፈር አለ፣ የሰልፈኛው እግር ተሳከረ። አጠገቤ የቆሙ ልጃቸው የታሰረባቸው እናት በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። መድረኩ ላይ የተቀመጠው ካድሬ እኒያን እናት አየ፣ ቀጥሎ ደምሴን አየ። አልተቆጣም። ፈገግ ብሎ ከጎኑ ላለው ሰው አንድ ነገር ተናገረ። እኔን ያስፈራኝ ፈገግታው ነው።

ደምሴ ወላጆቹ ሞተውበት በፖሊስ ሙዚቃ ክፍል ውስጥ ነው ያደገው። እዚያ ያልሞከረው መሣሪያ የለም፤ ቴነር የሚሉትን ድምፀ ወፍራም ሳክስፎን ከያዘ በኋላ ግን ሌላ አልነካም። በኋላ ለቅቆ ናዝሬት ባቡር ጣቢያው አካባቢ አንድ ሆቴል መጫወት ጀመረ። እኔ የዚያ ሆቴል ወጥ ሠሪ ነበርኩ። ሽንኩርት እየከተፍኩ በግድግዳው በኩል እሰማው ነበር፤ ሽንኩርቱ ነው እያልኩ ስንቴ አልቅሻለሁ። ገና ስንተዋወቅ ይሄ ጃዝ የምትሉት ነገር ምንድነው አልኩት።

«አንቺ የትናንቱን ወጥ ዛሬም ያንኑ አድርገሽ ትሠሪዋለሽ?» አለኝ።

«እጄ እንዳመጣልኝ ነው የምሠራው።»

«በቃ፣ እሱ ነው።»

ሰልፉ ሲበተን ደምሴ ሳይይዙት ሳክስፎኑን እጄ ላይ ጥሎ ወዳጁ በሚነዳው የሽንኩርት መኪና ወደ ሻሸመኔ ሄደ። ሳክስፎኑን ይዞ መውጣት አይችልም፤ ሰው ሁሉ የሚያውቀው በእሱ ነዋ። በማግስቱ የቀበሌ ሰዎች መጡ። ሁሩታ ለቅሶ ሄዷል አልኳቸው። ሳክስፎኑን አዩት፣ ለኪነቱ ይሆናል አሉ፤ ሰኞ አምጥተሽ አስረክቢ፣ ባልሽም አብሮሽ ይምጣ ብለውኝ ሄዱ። ባስረክብ ደምሴን እስትንፋሱን እንደ መንጠቅ ነው። ባላስረክብ እኔም እስር ቤት መግባቴ ነው፣ ልጄንም ማን ያሳድጋታል? አልማዝ ያኔ ሁለት ዓመቷ ነበር።

ታዲያ አንድ ነገር ታየኝ። ሕፃን ልጅ በመንገድ ላይ ተገልጦ አይታይም፤ ፀሐይ አለ፣ የሰው ዓይን አለ። ማንም እናት አትገልጥም፣ ማንም አባት ግለጪ አይልም። የሳክስፎኑን አንገት ፈትቼ ከነመንፊያው በሶ ውስጥ ቀበርኩት። የቀረውን በአልማዝ ፎጣ ጠቅልዬ በአንቀልባ አዘልኩት፣ ጋቢ ደረብኩበት። ሰኞ ሳይደርስ አልማዝን አቅፌ በጠዋት የሻሸመኔ አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

ከጎኔ ቅቤ ሸጠው ወደ አርሲ ነገሌ የሚመለሱ አንዲት ባልቴት ተቀመጡ። «አካም ጅርታ» ብለው በኦሮምኛ ደህንነቴን ጠየቁኝና ፓፓያ ቆርሰው ለአልማዝ ሰጧት። መኪናው ጉድጓድ ሲገባ ጀርባዬ ላይ ቀጭ አለ፣ ብረቱም ክንዳቸውን መታቸው። እሳቸው ጋቢውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ክንዳቸውን አሹ።

«አጥንቱ ጠንካራ ነው» አሉ ቀስ ብለው።

ሞጆን አልፈን ወደ መቂ ስንቃረብ ኬላ ላይ ሁላችንንም አወረዱን። ፀሐዩ አናት ይበሳል። እኔ እሹሩሩ እያልኩ እወዛወዛለሁ። ጠባቂው አጠገቤ ሲደርስ አልማዝ እጇን ዘርግታ ጀርባዬን መታ መታ አደረገችና «አባባ!» አለች።

«አባቷ የት ነው?» አለ ጠባቂው።

ባልቴቷ ቀደሙኝ። «ወንድሟን ነው» አሉት። «በአባቱ ስም ነው የሚጠሩት።»

«እስቲ ልየው፣ ግለጪው።»

«በዚህ ፀሐይ? በዚህ ሁሉ ዓይን መሀል?» አሉ ባልቴቷ። «አንተ ልጅ የለህም?»

ሰውየው እጁን ዘርግቶ ነበር። ጋቢው ጋ ሳይደርስ መለሰው። «አለኝ፣ አዴ» አለ እናቱ የተቆጣችው ያህል አፈር ብሎ፣ ሂዱ አለን።

ባልቴቷ ነገሌ ላይ ሲወርዱ ጋቢውን ዳበስ አደረጉና «ያድግልሽ» አሉኝ። ስማቸውን እንኳ ሳልጠይቅ ቀረሁ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሻሸመኔ ስደርስ ያ የሽንኩርት መኪናው ሹፌር የነገረኝን ቤት አፈላልጌ አገኘሁት። ደምሴ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። አልማዝን ብድግ አድርጎ ሳማት፣ ወደ እኔ ዞረ፣ ጀርባዬን አየና ፊቱ ተለዋወጠ።

«የማን ልጅ ነው?»

«ያንተ ነዋ። ጥለኸው የሄድከው።»

አንቀልባውን ፈታ። ብረቱ ብቅ ሲል ተቀመጠ። በሶውን አራግፌ አንገቱን ከነመንፊያው ሰጠሁት። ደጅ እንዳይሰማ በሳክስፎኑ ሰፊ አፍ ውስጥ ጨርቅ ጎሰጎሰና በጣም ቀስ ብሎ ነፋ። አልማዝ «አባባ» አለች፤ አባቷን ሳይሆን ሳክስፎኑን እያየች። እስከዚያች ሰዓት በዚያ ዕቃ እቀና ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ተውኩት። አዝዬዋለሁና የእኔም ሆነ።

ነገሩ ሲረሳ ደምሴ ሻሸመኔ፣ ኋላም አዋሳ ሐይቁ ዳር ሲጫወት ኖረ፤ ደርግ ሲወድቅ ናዝሬት ተመልሰን ጎረምሶች ሲያስተምር ኖሮ እዚሁ አረፈ። ሳክስፎኑ ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሏል። የበሶው ሽታ እስከ ዛሬ አለበት፤ እኔ ነኝ እንዲህ የምለው፣ አልማዝ ግን ምንም አይሸትም ትለኛለች።

እሑድ ዕለት የልጅ ልጄ በመጨረሻ ጀርባዬ ላይ ተኛ። አልማዝ ልታወርደው ስትል ትንሽ ይቆይ አልኳት። የሻሸመኔዋ ማታ ትዝ አለችኝ፦ በሩን ዘግቼ፣ ባሌ በአንድ በኩል፣ ልጄ በሌላ በኩል ተኝተው ጣሪያውን እያየሁ ለራሴ ያልኩትን ለሕፃኑ ደገምኩለት።

ደርሰናል። ደህና ነን።