ይነሳል

«ይነሳል» የምትለውን ቃል አልወዳትም። ከቴፒ እስከ ማጂ ባለው መንገድ ያልሰራችው ጉድ የለም። ሾፌሩ ቁልፉን ያዞራል፣ ሞተሩ ያቃስታል፣ ረዳቱ «ይነሳል!» ይላል፣ ተሳፋሪው ወርዶ ጭቃ ውስጥ ይገፋል። መኪናውም እንደተባለው ይነሳል። ፍሬኑ ይይዝ እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። ሚዛን ተፈሪ ያደግሁት እንዲህ እየገፋሁ ነው። አብራሪ ስሆን ቃሏን መሬት ላይ ትቻት የምሄድ መስሎኝ ነበር። ዩኒፎርም ለብሳ ጠበቀችኝ።

መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። ሚዛን፣ ቴፒ፣ ቱምና ማጂ የሣር ሜዳ ላይ በምታርፍ ባለ ሁለት ሞተር ትንሽ አውሮፕላን ረዳት አብራሪ ነበርኩ። ትከሻዬ ላይ ሦስት የወርቅ መስመሮች ነበሩኝ፤ አራተኛዋ የካፒቴን ናት። የቃል ፈተና ሲደርስ ጓደኞቼ ክበብ ውስጥ ተሰብስበው፣ ቀድሞ የተፈተነው ለሚከተለው ጥያቄውን እየነገረው ይሸመድዱ ነበር። የዘይቱ ግፊት ስንት፣ የሙቀቱ ጣሪያ ስንት። ስንት እንጂ ለምን ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። ፈተናው ባለፈ ማግስት መጽሐፉ ተመልሶ ቁም ሣጥን ይገባል። እኔ ከጥገና ክፍል ስለማልጠፋ ስሜን «መካኒኩ» አሉት። እንደ ስድብ ነበር የሚሉት። እኔ ግን አቤት እላለሁ። የሚያበርረውን ነገር የማያውቅ አብራሪ መሪ የጨበጠ ተሳፋሪ ነው ብዬ አምን ነበር፤ ዛሬም አምናለሁ።

አባቴ ከጎጃም በወጣትነቱ ተመድቦ መጥቶ ሚዛን የቀረ መምህር ነበር። በዚያን ጊዜ ጡረታ ወጥቷል፣ ዓይኑም እየደከመ ነው። ሐኪሞቹ እናዘገየዋለን እንጂ አናድነውም ብለውታል። ስለዚህ ባገኘኝ ቁጥር ትከሻዬን አስጠግቶ ያያል። «አራተኛዋን ሳላይ ብርሃኔ እንዳይጠፋ፣ ቶሎ በል» ይለኛል። ቶሎ ማለቱ በእኔ እጅ ቢሆን ኖሮ ጥሩ ነበር። የሚመዝኑኝ አንድ አንጋፋ ካፒቴን ነበሩ፤ የዚያን ሳምንት በረራዎች አብሬያቸው ጨርሼ ለአራተኛዋ ይፈርሙልኛል ተብሏል።

እጃቸው ወርቅ ነበር፤ አልዋሽም። ላም በተኛበት ሜዳ ላይ አውሮፕላን እንደ ዕንቁላል ያስቀምጣሉ። መጽሐፍ ግን ይንቃሉ። መጽሐፉን ለመሐንዲሶቹ ተውላቸው፣ እኛ እንብረር ይሉ ነበር፤ ሰውም ይስቅላቸዋል።

የዚያን ቀን ሚዛን አርፈን ደመናው አልገለጥ አለ። ካፒቴኑ በሬዲዮ ከጅማ ጋር ስለ አየሩ ረጅም ጊዜ ሲነጋገሩ ቆይተው የባትሪውን ማብሪያ ሳያጠፉ ወረዱ፤ እኔ ቀድሜ ወርጄ ነበር። ምሳ በልተን ስንመለስ ሰማዩ ተከፍቷል፣ ተሳፋሪው ተሰልፏል። አባቴም ለዓይኑ ሕክምና ወደ አዲስ አበባ ሊሄድ ከፊት ወንበር፣ ልክ ከጀርባችን ተቀመጠ። ልጄ ነው የሚወስደኝ ብሎ ላገሩ ሁሉ ነግሮ ስለነበር ግማሽ ከተማ ሜዳው ዳር ቆሟል።

ካፒቴኑ ማስነሻውን ተጫኑ። የእኔ እጅ ነዳጁ ላይ ነው። ሞተሩ ከብዶት ይዞር ጀመር። የዙሩን ፍጥነት የምታሳየው መርፌ መድረስ ካለባት ቁጥር ሳትደርስ ቆማ ተንቀጠቀጠች።

«ነዳጁን ስጠው» አሉኝ።

«አልደረሰችም፣ ካፒቴን።»

«ይነሳል፤ ስጠው።»

ነገሩ ረቂቅ አይደለም። ያ ሞተር ሲነሳ ከሚነደው እሳት የሚያድነው የሚስበው ነፋስ ራሱ ነው። ባትሪው ደክሞ ሞተሩ ሲንፏቀቅ ነፋሱ አይበቃም፤ በዚያ ላይ ነዳጅ ከተሰጠው እሳቱ የሞተሩን የውስጥ ምላሶች፣ የሚሽከረከሩትን ስስ ብረቶች፣ ይለበልባቸዋል። ክፋቱ ደግሞ ሊነሳ መቻሉ ነው። ይነሳና፣ የተለበለበው ምላስ ጫካው ላይ ሲደርስ፣ ወይ በሳምንቱ ሌላ ሰው ሲያበርረው ሊበጠስ ይችላል።

ቁጥሩ ለምን እንደተወሰነ ይንገሩኝና እሰጣለሁ አልኳቸው። ቁጥሩን ጠሩልኝ። ያውቁታል፤ ሸምድደውታልና። ለምን እንደሆነ ግን አልመጣላቸውም፤ ፊታቸው ሲጠቁር አየሁ። መዳፌን የነዳጁ ዘንግ ላይ ጫንኩት።

«እዚህ ኃላፊው ማን ነው?»

«እርስዎ ነዎት። እጁ ግን የኔ ነው።»

እጄን ገፍተው ሊሰጡት ይችሉ ነበር። ከኋላችን አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። ካፒቴኑ ማስነሻውን ለቀቁትና መርፌዋ ወደቀች።

ተሳፋሪው ሲወርድ ከሜዳው ዳር የነበረው ሕዝብ መጣ። አንድ የማውቃቸው ባለ ሱቅ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ሱሪያቸውን ሰብስበው ቀረቡኝና «ልጄ፣ ገፍተን እናስነሳው?» አሉኝ። ከኋላቸው ጎረምሶቹ ክንፉን ለመያዝ ተዘጋጅተዋል። በአውሮፕላን አይሆንም ስላቸው ለምን ብለው ጠየቁኝ። ጎማው ከሞተሩ ጋር እንደማይገናኝ ነገርኳቸው፤ ራሳቸውን ነቅንቀው ሱሪያቸውን ለቀቁ። ከሁለቱ «ይነሳል» ባዮች እኚህ ይሻሉኛል። ለምን ብለዋላ! ካፒቴኑ እዚያው ቆመው የመምህሩ ልጅ ፈሪ ነው ብለው ከሕዝቡ ጋር ለመጡት የከተማው ሹማምንት ያወሩ ነበር።

በማግስቱ ሌላ አውሮፕላን ባትሪና መካኒክ ይዞ መጣ፤ አባቴም አዲስ አበባ ደረሰ። እኔን ቢሮ ጠሩኝ። አዛዥ አያከብርም ተብዬ ተከስሻለሁ። አለቃዬ ክፉ ሰው አልነበሩም። ካፒቴኑን በሰው ፊት ይቅርታ ጠይቃቸው፣ ይፈርሙልሃል፣ ነገሩ ያልቃል አሉኝ። ጓደኞቼም መከሩኝ። ይነሳ ነበር እኮ፣ ካፒቴኑ እንዲህ ሃያ ጊዜ አስነስተውታል አሉኝ። ይነሳ ነበር ይሆናል አልኳቸው። አለመነሳቱን መች ፈራሁ?

ከሁሉም የከበደኝ አባቴ ነው። ካረፈበት ዘመድ ቤት ስሄድ ሁሉንም ሰምቶ ጠበቀኝ። ዕድሜውን ሙሉ ሳይሳሳት የሚደግምን ተማሪ ሲሸልም የኖረ ሰው ነው፤ የእኔ «ለምን» ለእሱም አዲስ ነበር። ይቅርታ ጠይቅ አለኝ። አንገት ደፍቶ ማለፍ ነውር የለውም፣ እኔ የምጠብቅበት ዓይን የለኝም አለ። ይህን ሲል ድምፁ ተሰበረ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ሰውን እሺ ለማለት ፈልጌ አላውቅም።

እሺ አላልኩም። ጥፋቴን ቢያሳዩኝ እግር እስማለሁ፤ ላላጠፋሁት ግን ከንፈሬን አላንቀሳቅስም አልኩት። ተቆጥቶ ፊቱን አዞረ። ካፒቴኑ አልፈረሙም። አብረውኝ የገቡት ልጆች አንድ በአንድ አራተኛዋን መስመር ሲያደርጉ እኔ በቀኙ፣ በረዳቱ ወንበር ቀረሁ። ከእኔ በኋላ ከመጡት ሥር ሆኜ ቱምና ማጂ ተመላለስኩ። መረረኝ፤ አልዋሽም። መጽሐፌን ግን አልዘጋሁም፣ «መካኒኩ» ሲሉኝም አቤት ማለቴን አልተውኩም።

አራተኛዋ መስመር የመጣችው ካፒቴኑ ጡረታ ከወጡና ሌላ መዛኝ ከመጣ በኋላ ነው። ሚዛን ስደርስ አባቴ በረንዳው ላይ ተቀምጧል። ብርሃኑ ጠፍቷል። አጠገቡ ተንበረከክሁ፣ እጁን ይዤ ትከሻዬ ላይ አደረግሁት። በጣቱ ቀስ እያለ ዳሰሰ። አራተኛዋ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ዘገየች» አለ።

«ዘገየች፣ አባዬ።»

ጣቱን አላነሳም። «ያ ሞተር ግን ይነሳ ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ይነሳ ነበር ይሆናል።»

«እኔ እኮ አውሮፕላኑ ውስጥ ነበርኩ» አለና ትከሻዬን ጨበጠው።