በዝግ ጊዜ የተጠራ ስም

ጋሽ ዓምሃ ችሎት አስከባሪ ናቸው። ዳኞች ሲሰየሙ ሰውን ከመቀመጫው ያስነሣሉ፤ ከዚያ በሩ ላይ ቆመው የባለጉዳዮቹን ስም ወደ ረጅሙ ኮሪደር ይለቁታል። ጩኸት አይባልም ጥሪያቸው፤ ዜማ ነው። በጉብዝናቸው የሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራን ነበሩና፣ የአባት ስም ላይ ሲደርሱ ጫፉን ሳብ፣ ለስለስ አድርገው ነው የሚያሳርፉት። ሊካሰስ የመጣ ሰው እንኳ ስሙ በሳቸው አፍ ሲጠራ ለአንድ አፍታ ቂሙን ይረሳል።

አንጀታቸውን የሚበላቸው አንድ ነገር ነው፤ ተጠርቶ የሚቀር ሰው። ከሳሽ ካልቀረበ መዝገቡ ይዘጋል። ታክሲ አጥቶ ይሁን ፎቅ ተሳስቶ፣ ቆይቶ እያለከለከ ይደርስና «አባቴ፣ ተጠራሁ እንዴ?» ይላቸዋል። «ተጠርተሃል ልጄ» ማለት ሁሌም ይከብዳቸዋል።

ነሐሴ ሲገባ ፍርድ ቤቱ ለክረምት ይዘጋል። ከጥቂት ተረኞች በቀር ዳኛውም ያርፋል፣ መዝገቡም ያርፋል። ጋሽ ዓምሃ ስልካቸውን ሳይቀር አጥፍተው መሳቢያ ውስጥ ይከቱታል። እስከ ጥቅምት ድረስ ዓለም ሁሉ የተዘጋ ይመስላቸዋል።

ዘንድሮ ደግሞ ዕረፍታቸውን የሚያሳምር ነገር መጣላቸው። አንዲት ልጃቸው ሮሐ፣ ክፍለ ሀገር ሄዳ የተማረችውን ሕግ ጨርሳ፣ የመውጫ ፈተናዋን አልፋ፣ ዊንጌት ወዳለው ቤታቸው ተመለሰች። ሐምሌ ሊያልቅ ሲል የፍርድ ቤቱ ደረጃ ላይ ጠበቃው ማቲያስ አገኛቸው።

«ጋሽ ዓምሃ፣ ሮሐ ተመረቀች አሉ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጨረሰችልኝ።»

«እንግዲያው ማመልከቻዋን ታምጣልን። ሠልጣኝ የምንቀበልበት ጊዜ ደርሷል። እንዳትዘገይ ብቻ!»

ሮሐ ከማቲያስ ቢሮ ሌላ የምትመኘው ቢሮ አልነበራትም። ያለ ደመወዝ የተባረሩ የቀን ሠራተኞችን ጉዳይ የሚይዝ ቢሮ ነው፤ እሷም ተማሪ ሳለች ጀምሮ «እዚያ ገብቼ ነው ጥብቅናን የምለምደው» ትል ነበር። ወሬውን ስትሰማ ዘላ ተነሣች።

«ነገውኑ ልውሰደው አባዬ?»

«አንቺ ደግሞ! ፍርድ ቤት ሊዘጋ ነው እኮ። ፍርድ ቤት ተዘግቶ ጠበቃ ምን ይሠራል? ቢሮውን ቆልፎ ዘመድ ጥየቃ ነው የሚሄደው። ጥቅምት ይጥባና አብረን እንሄዳለን።»

«እንዳትዘገይ ብሏል እኮ።»

«በሩ በተከፈተ ማግስት መገኘት መዘግየት ነው?»

ሮሐ ማመልከቻዋን መልሳ አስቀመጠች። የፍርድ ቤትን ነገር ከአባቷ በላይ የሚያውቅ ማን አለ?

ክረምቱ ጣፋጭ ነበር። ዝናቡ ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ ላይ እየተንደረደረ ወርዶ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ ጋሽ ዓምሃ ጋቢያቸውን ተከናንበው መስኮቱ ሥር ያንጎራጉራሉ፤

ዝናብ አትቸኩል፣ ቀስ እያልህ ውረድ፣
ልጄ ከቤቴ ናት፣ ማን ሊወጣ መንገድ።

«አባዬ፣ ባሰበት እኮ! ግጥሙን ወዶታል መሰለኝ» ትላለች ሮሐ ከጓዳ።

ጥቅምት ጠባ። ጋሽ ዓምሃ የግማሽ ቀን ፈቃድ ጠይቀው፣ ከረባታቸውን አስረው፣ ልጃቸውን አስከትለው ወጡ። ሰፈሩ ጥግ ባለሱቁ ሙሐዲን ከመደርደሪያው ላይ ተንጠራራ።

«ጋሽ ዓምሃ! ከረባት? ልጅ ሊድሩ ነው ወይስ ራስዎ ሊያገቡ?»

«ልጄን ላስቀጥር ነው፤ ዱዓ አድርግልን።»

«ኢንሻአላህ! ስትመለሱ ለስላሳው በእኔ ነው።»

ቢሮው አዲሱ ገበያ፣ አንድ ፎቅ ላይ ነው። ገና ሲገቡ ሮሐን የሚያካክሉ ሁለት ወጣቶች ጠረጴዛ ይዘው መዝገብ ሲያገላብጡ አዩ። ጋሽ ዓምሃ ምንም አልመሰላቸውም። ማቲያስ ካባውን በክንዱ አንጠልጥሎ፣ እየሮጠ ሊወጣ ሲል አያቸውና ቆመ።

«ጋሽ ዓምሃ! ምነው ጠፉ? ደኅና ናችሁ?»

«ይኸው ይዣት መጣሁ፤ በሩ እንደተከፈተ።»

«የቱ በር?»

«የፍርድ ቤቱ ነዋ!»

ማቲያስ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ የሮሐን ፋይል አየ። ፈገግታው ቀስ ብሎ ከሰመ።

«ወይኔ ጋሼ! እኛ እኮ ሰው የምንመርጠው በዝጉ ጊዜ ነው። ፍርድ ቤት ከተከፈተማ ምሳ የምንበላበት ፋታ የለንም፤ ማመልከቻ ማን ያነባል? ነሐሴን እናነባለን፣ ጳጉሜን ላይ እንጠራለን፣ ይኸው የተመረጡት ሥራ ጀምረዋል። ለሮሐ እስከ እንቁጣጣሽ ዋዜማ ወንበር ይዤ ጠበቅኋት። እርስዎ ጋ ስደውል ስልክዎ ዝግ ነው፤ ደግሜ ብደውልም ዝግ። እንግዲህ ሌላ ቦታ አግኝታለች ብዬ...»

ጋሽ ዓምሃ የቀረውን አልሰሙም። ጆሯቸው ውስጥ የክረምቱ ዝናብ ተመልሶ ቆርቆሮውን መደብደብ ጀመረ። ተጠርታለች። ልጃቸው ተጠርታለች፤ ስሟ መሳቢያ ውስጥ ተጠርቶ፣ መሳቢያ ውስጥ ቀርቷል። ያን ጊዜ እሳቸው መስኮት ሥር ሆነው ለዝናብ ይዘፍኑ ነበር!

ምን እንዳደረጋቸው አያውቁም። እግራቸው ገጠመ፣ አገጫቸው ቀና አለ፣ ያ የኮሪደሩ ድምፅ ከደረታቸው ወጣ።

«ሮሐ ዓምሃ!»

ቢሮው ተናወጠ። በሮች ተበረገዱ፤ ዕድሜ ልካቸውን ያን ድምፅ ሲሰሙ መሮጥ የለመዱ ጠበቆች፣ አንዱ የካባውን አንድ እጅጌ ብቻ አጥልቆ፣ ሌላው መዝገቡን ደረቱ ላይ አቅፎ፣ ተደናግጠው ወጡ። ሁለቱ ሠልጣኞችም ብድግ አሉ። የሳቀ የለም።

ሮሐ አጠገባቸው ነበረች። እጅጌያቸውን ያዝ አደረገች።

«አቤት። እዚህ ነኝ አባዬ።»

«የዘንድሮው ሞልቷል ጋሼ» አለ ማቲያስ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ለከርሞ ሐምሌ ሳያልቅ ታምጣ። አደራ።»

ሮሐ ፋይሏን አቅፋ ደረጃውን ቀድማ ወረደች። ታች ሲደርሱ ነው ዓይኗ የሞላው።

«ስልኩን ለምን ታጠፋዋለህ?»

 ሰው ሁሉ በሳቸው ድምፅ ተነሥቶ የሚሄድላቸው ሰው፣ ለልጃቸው አንዲት ቃል አጡ። «እኔ ነኝ... እኔ ነኝ ያስቀረሁሽ» አሉ በመጨረሻ። እንጦጦ በጥቅምት ፀሐይ ታጥቦ ወለል ብሏል፤ እሳቸው ግን ዝናብ እንደመታው ሰው ኮታቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

ሮሐ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠረገች። ቀና ስትል መንገዱ ማዶ ካለው ሕንፃ ላይ «የጥብቅና አገልግሎት» የሚል ሌላ ታፔላ ዓይኗ ገባ።

«እነዚያስ መቼ ነው የሚቀበሉት? ሄጄ ልጠይቅ።»

«አሁን? ለምሳ ሊወጡ ነው እኮ፤ ትንሽ ቆዪ...»

ጋሽ ዓምሃ ቃሉን በጥርሳቸው ያዙት። «ቆዪ» የምትለው ቃል አፋቸው ውስጥ ሬት ሆነች።

«ሂጂ» አሉ። «ሩጪ! አሁኑኑ!»

ሮሐ ፋይሏን በብብቷ ሸጉጣ በመኪኖቹ መካከል ተሻገረች፤ ደረጃው ዋጣት። ጋሽ ዓምሃም ተከትለው ተሻገሩና የሕንፃው በር ላይ ቆሙ። ስልካቸውን አውጥተው መብራቱን አዩ፤ በርቷል። እንደገና አዩት። ከዚያ፣ ኮሪደር ላይ ሲያዩዋቸው እንደኖሩት እንደነዚያ ሁሉ ባለጉዳዮች፣ አንገታቸውን ወደ ደረጃው ሰገግ አድርገው፣ ከላይ የልጃቸው ስም ሲጠራ ይሰሙ እንደሆነ ጆሯቸውን ጣሉ።