መተንፈሻ ያጣው ሞተር

መተማ፣ ጋራዤ ውስጥ፣ ከሱዳን የገባች ባለ ቱርቦ መኪና እየሠራሁ ነበር። የሞተሩ መተንፈሻ ተደፍኖ ዘይቱን በመለኪያ ዘንጉ ቀዳዳ በኩል ይተፋል። አዲስ ቱቦ ዘርግቼ ከዘይት ማጠራቀሚያ ጣሳ ጋር ሳገናኝ፣ ከመኪናዋ የወረዱ ጢማቸው የነጣ፣ እስከ ቅንድባቸው የጠመጠሙ ሽማግሌ አናቴ ላይ ቆመው በዐረብኛ ያዝዙኝ ጀመር።

«ከፍ አድርገው! እንዳይታጠፍ!»

ሰለቸኝ። «አባባ፣ ይረፉ እንጂ! እኔ ይሄን ሙያ የተማርኩት ከሃያ ዓመት በፊት ሱዳን፣ ገዳሪፍ፣ ከመካኒክ አለቃዬ ከኡስታ እድሪስ ነው» አልኳቸው።

«ምን ዓይነት ሰው ነበር?»

እጄ ሥራውን ተወ። «ቁጡ ነበሩ። ግን የፉል ሳህናቸውን ሳያጋሩኝ በልተው አያውቁም። ዛሬም ሞተር ስከፍት ድምፃቸው ይመጣብኛል።»

ሽማግሌው ጥምጥማቸውን ፈትተው ዓይን ዓይኔን አዩኝ።

«ታዲያ ሳትሰናበተኝ ለምን ጠፋህ?»