«ጋሼ፣ እስኪ ሁለቱንም እጅዎን ያንሱ»

ሀስና ከቡታጅራ መጥታ ሸማ ተራ ክር መሸጥ ከጀመረች አሥር ዓመት አልፏታል። ሱቋ ከመጥበቧ የተነሳ ደንበኛ ሲገባ እሷ ትወጣለች። ጎረቤቷ ጋሽ ደምመላሽ ልብስ ሰፊና ጥልፍ ጠላፊ ናቸው፤ የስፌት ማሽናቸው ሲሮጥ ጨዋታቸውም አብሮ ይሮጣል።

በ1999 ዓ.ም. ለፋሲካ ሳምንት ሲቀረው ተራው በገበያተኛ ተጨናንቆ ነበር። ጋሽ ደምመላሽ እየሰፉ፣ ጨዋታ እንደጀመሩ ድንገት ዝም አሉ። ሀስናን ያስደነገጣት ይኸው ዝምታ ነው። ዞር ስትል መቀሱ መሬት ወድቋል። ሊያነሱት ቢሞክሩም ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ አላቸው።

«ጋሼ፣ ምን ሆኑ?»

«ም... ምንም...» ምላሳቸው ተሳሰረ።

ሰው ተሰበሰበ። ከፊት ለፊት ነጠላ የሚሸጡት እትዬ አመተ ሥላሴ ከሁሉም ቀድመው ደረሱ።

«ምች ነው! ዳማከሴ ፈልጉ! ጾሙም አድክሟቸዋል፤ ስኳር በውሃ በጥብጡላቸው።»

«ውሃ አይስጧቸው፤ ትን ይላቸዋል» አለች ሀስና፤ ከፊታቸው ቁጢጥ ብላ። «ጋሼ፣ ፈገግ ይበሉልኝ።»

ግራ ጉንጫቸው ብቻ ተንቀሳቀሰ።

«እስኪ ሁለቱንም እጅዎን ያንሱ።»

ግራው ከፍ አለ። ቀኙ ትንሽ ተነስቶ ቀስ እያለ ወረደ።

«ሐኪም ቤት አሁኑኑ መሄድ አለባቸው።»

«አንቺ ደግሞ! ትንሽ ጋደም ቢሉ ይሻላቸዋል» አሉ እትዬ አመተ ሥላሴ።

«እትዬ፣ አባቴንም እንዲህ ብለን ነው ያስተኛነው። አፉ ሲጣመም፣ ነገ ይለቀዋል አልን። በሦስተኛው ቀን ጤና ጣቢያ ስናደርሰው ነርሷ፣ ‹ፊት ሲጣመም፣ እጅ ሲዝል፣ አንደበት ሲያዝ አንድ ሰዓት እንኳ አትጠብቁ› አለችን። አባቴ ከዚያ በኋላ ተናግሮ አያውቅም።»

እትዬ አመተ ሥላሴ ለወትሮው ቦንዳ የሚሸከሙትን ሁለት ሰዎች ጠርተው አመጡ። መኪና እዚያ አይገባምና ጋሽ ደምመላሽን ከነወንበራቸው አንስተው፣ «ዞር በሉ! በሽተኛ ነው!» እያሉ እስከ ታክሲው አደረሷቸው።

ሆስፒታል ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀው፣ «መቼ ነው የጀመራቸው?» ብሎ ነው።

«የዙህር አዛን እንዳበቃ፣ ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ። እስከዚያ ድረስ ደህና ነበሩ፤ ስንጫወት ነበር» አለች አብራቸው የሄደችው ሀስና።

ሐኪሙ ሰዓቱን ጻፈ። ስትሮክ ነው አለ። ደም ግፊታቸው ከመጠን በላይ ወጥቶ ተገኘ። ባለቤታቸው ደርሰው እያለቀሱ እንደተናገሩት፣ «ተሽሎኛል» ብለው ኪኒናቸውን ካቋረጡ ሁለት ወር ሆኗቸው ነበር።

ጋሽ ደምመላሽ ሦስት ሳምንት ተኙ። አንደበታቸው ቀስ በቀስ ተፈታ። ከክረምቱ በኋላ ከዘራ ይዘው ወደ ሱቃቸው ተመለሱ። ቀኝ እጃቸው ግን እንደ ድሮው አልሆነም፤ ጥልፉን ትተው የጋቢ ጠርዝ ብቻ ይሰፋሉ።

«ጋሼ፣ መድኃኒትዎን ወሰዱ?» ትላቸዋለች ሀስና በየጠዋቱ።

«ቤት ውስጥ አንዷ፣ እዚህ ደግሞ አንቺ! የት ልግባ?» ይላሉ፤ ቃሉን ረጋ እያደረጉ።

አንድ ቀን ከሰዓት፣ ገበያው ቀዝቀዝ ሲል፣ እትዬ አመተ ሥላሴ ወደ ክር ሱቁ መጥተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ሀስናዬ፣ ግፊት የሚለኩት የት ነው? ብቻዬን ፈራሁ።»

ሀስና ሱቋን ቆለፈችና ክንዳቸውን ይዛ አብራቸው ሄደች።