አጀንዳ አንድ፦ የእኔ ጋብቻ

ባለፈው ቅዳሜ... በገዛ ሠርጌ ላይ፣ ቬሎ ለብሼ ቆሜ፣ ሦስት ሰው እጁን ሲያወጣ አየሁ። አንደኛው አባቴ ነው።

እዚህ እንዴት እንደደረስን ልንገራችሁ። ጋምቤላ ክልል፣ አቦቦ ወረዳ ተወልጄ ያደግኩ፣ ከደጋ በሰፈራ የመጡ ኦርቶዶክሶች ልጅ ነኝ። አሁን ጋምቤላ ከተማ ነርስ ነኝ። ኡጁሉ ደግሞ አኙዋክ ነው፣ ፕሮቴስታንት ነው፣ ትየርኪዲ የስደተኞች ካምፕ እየተመላለሰ ይሠራል። ለመፋቀር ሁለት ሳምንት በቃን። «ማን ያጋባችሁ?» የሚለው ግን ድፍን ዓመት ፈጀ።

የንስሐ አባታችን «ይጠመቅና ይምጣ» አሉ። የነኡጁሉ ፓስተር «ትማርና ትምጣ» አሉ። ሁለቱም ፈገግ ብለው ነው የመለሱልን፤ ሁለቱም «በራችን ክፍት ነው» ብለዋል። እውነት ነው፣ ክፍት ነው... የሚያስገባው አንዳችንን ብቻ ነው እንጂ።

አባዬ «ቄስ ባልቆመበት እኔ አልመርቅም» አለ። የኡጁሉ እናት ማማ አሪየት «ፓስተር ካልጸለየ ልጄን ዳርኩ አልልም» አሉ። አባዬ ከአኙዋክ ጎረቤቶቹ ጋር ጎን ለጎን ሲያርስ ስለኖረ ቋንቋቸውን አሳምሮ ይችላል። ሽምግልናው ከተጀመረ ወዲህ ግን «አስተርጓሚ ይምጣልኝ» ማለት አመጣ። ኩርፊያ ለካ ቋንቋም ያስረሳል።

በመጨረሻ «በቃ በቀበሌ ይሁን» ተባለና አቶ ደምሴ ተመረጡ። በቀበሌው ጋብቻ የሚመዘግቡት እሳቸው ናቸው። ስለ ጽዳት፣ ስለ ውሃ፣ ስለ አጥር ድንበር የሚደረገውን ስብሰባ ሁሉ የሚመሩትም እሳቸው ናቸው። ለምን እሳቸው? ሁለቱም ወገን እኩል ስለማይወዳቸው «ገለልተኛ ናቸው» ተባለ። እኔም ተገላገልኩ ብዬ ደስ አለኝ... የዋህ ነኝ።

አባዬ ደግሞ እንደ ማንኛውም እንግዳ መጥቶ፣ በልቶ ሊሄድ ተስማማ። ምርቃት ግን የለም። ጓደኞቼ «በዚህ ዘመን ስለ ምርቃት ትጨነቂያለሽ?» ይሉኛል። አዎ፣ እጨነቃለሁ። በሌላው ሁሉ ስቀልድ ከርሜያለሁ፤ ያለ አባቴ ምርቃት ጎጆ መውጣት ግን አስፈራኝ። በዚህ አልቀለድኩም።

ቀኑ ደረሰ። የቀበሌው አዳራሽ ሙቀት ሜካፔን አገጬ ላይ አውርዶታል። አቶ ደምሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የተከበራችሁ ተሰብሳቢዎች... የዛሬው አጀንዳችን አንድ ነው። ጋብቻ።»

አስተርጓሚው ወደ አኙዋክኛ መለሰው። ኡጁሉ በክርኑ ጎሰም አደረገኝ፤ ሳቄን ዋጥኩ። ፈቃዳችንን ጠየቁን፣ ሁለታችንም «አዎ» አልን። እዚህ ላይ ፈርመን መሄድ ነበረብን። የለመደ አፍ ግን ዝም አይልም...

«እንግዲህ በአጀንዳው ላይ ሐሳብ፣ አስተያየት፣ ጥያቄ ያለው... በመጀመሪያው ዙር ሦስት ሰው እንቀበላለን።»

ሦስት እጅ ወጣ።

የመጀመሪያው ከኋላ የተቀመጡ፣ የሙሽራውም የሙሽሪትም ወገን ያልሆኑ ሰውዬ ናቸው። «ሰፈራችን ውሃ ከጠፋ ወር አለፈው፤ ቀበሌው ምን አስቧል?» አሉ። አቶ ደምሴ ማስታወሻ ያዙ። በእኔ ሠርግ!

ቀጥለው ማማ አሪየት ተነሱና በአኙዋክኛ ተናገሩ። «ልጅቷን እወዳታለሁ። ነገር ግን እግዚአብሔር ያልተጠራበት ሠርግ፣ ሠርግ አይደለም፤ ስብሰባ ነው።»

አስተርጓሚው ይህንን ሲተረጉም ድምፁን ዝቅ አደረገ። ምን ይባላል? ሴትዮዋ እውነታቸውን ነው።

ሦስተኛው አባዬ ነው። ቀስ ብሎ ተነሳ፣ የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ። «አለቀልኝ» አልኩ በሆዴ። ኡጁሉ እጄን ጭምቅ አድርጎ ያዘኝ።

አባዬ እኔንም አቶ ደምሴንም አላየም። ወደ ማማ አሪየት ዞረ... በአኙዋክኛ ጀመረ! አስተርጓሚው ለማን እንደሚተረጉም ግራ ገብቶት ቆየና፣ ለአክስቶቼ ወደ አማርኛ ይመልስላቸው ጀመር።

«ከእኔ በፊት የተናገሩት እናት ያነሱትን ሐሳብ እደግፋለሁ። ዓመቱን ሙሉ እኔም የምለው ይህንኑ ነበር። ቄሱም ፓስተሩም እዚህ የሉም፤ እኛ ግን አለን። እርስዎ ይጸልዩላቸው፣ እኔ እመርቃቸዋለሁ።»

ማማ አሪየት መጥተው አንድ እጃቸውን ራሴ ላይ፣ አንዱን ልጃቸው ላይ ጫኑና ጸለዩ። አባዬ ቀጠለ። «ወልዳችሁ ሳሙ፣ ክፉ አይንካችሁ፣ እንደተዋደዳችሁ አርጁ...» ድምፁ ተቆራረጠበት። አዳራሹ በሙሉ «አሜን!» አለ። እኔማ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። አንድ ዓመት ሙሉ አጋቢ ስንፈልግ፣ አጋቢዎቹ ፊት ለፊት ተኮራርፈው ተቀምጠው ነበር።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት? አቶ ደምሴ ግን እንባቸውን ጠረጉና...

«የቀረበውን ሐሳብ የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ!»

አዳራሹ እጅ በእጅ ሆነ። ማማ አሪየትማ ሁለት እጃቸውን ነው ያወጡት።

«ተቃውሞ?» የለም።

«ድምፀ ተዓቅቦ?»

አጠገቤ አንድ እጅ ወጣ። ኡጁሉ!

«ምን ሆነሃል አንተ?!» አልኩት ጥርሴን ነክሼ።

«መሥሪያ ቤት ያስተማሩን እንደዚህ ነው» አለኝ ኮስተር ብሎ። «ጉዳዩ በቀጥታ የሚመለከተው ሰው ድምፅ አይሰጥም።»

አቶ ደምሴ በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁና ቃለ ጉባኤው ላይ አሰፈሩት።

እና ወዳጆቼ... አገር ምድሩ እጁን አውጥቶ ደግፎኝ፣ ባሌ ብቻ ድምፀ ተዓቅቦ አድርጎ ነው ያገባሁት።