የሰማንያ ቀን ክርስትናዋ አልተቆጠረላትም

ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኝ የካውንቲ፣ ማለትም የወረዳው መንግሥት፣ አዳራሽ ውስጥ በጽዳት እሠራለሁ። ከሰዓት በኋላ አንድ የግል የክርስቲያን ልጆች ክበብ በነፃ ይሰበሰብበታል። በሩ ላይ «በካውንቲው ድጋፍ» የሚል ወረቀት ለጥፈዋል። ድጋፉ ከእኔም ደሞዝ በታክስ የተቆረጠ ነው። ስድስተኛ ክፍልን አልጨረስኩም፤ ይኼን ለማወቅ ግን ዲግሪ አያስፈልግም።

ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እኔ ሥራ ላይ ስሆን ብቻዋን አፓርትመንት ቆልፋ ትቀመጥ ነበር። ስልኬ በጠራ ቁጥር እሷ ናት ብዬ እሮጥ ነበር። ስለዚህ እዚያው ዓይኔ ሥር እንድትውል ክበቡ ውስጥ ላስመዘግባት ሄድኩ።

ኃላፊዋ ፈገግታዋ የፕላስቲክ አበባ ነው፤ ጠዋትም ማታም ያው። «ክርስቲያን ናችሁ?» አለችኝ። የልጄን ማተብ አሳየኋትና «በሰማንያ ቀኗ ክርስትና አስነስቻታለሁ» አልኩ፣ ኮርቼ። በዚያው አበላሸሁት።

«የሕፃንነቱ አይቆጠርም። እኛ እንደገና እናጠምቃታለን፣ ከዚያ ትገባለች።»

የልጄን ጥምቀት ጊዜው እንዳለፈበት መንጃ ፈቃድ ልታድሰው! ክርስቶስን በአባልነት ካርድ የሚያድሉ፣ ያውም በእኔ ታክስ።

እዚሁ ቅርብ አሌክሳንድርያ ለምትኖረው ታላቅ እህቴ ደወልኩ።

«አንቺ፣ ዝም በይ! ሲቲዝንሺፕሽ ገና ነው።»

«ታዲያ ላስጠምቃት?»

«እሱን መች አልኩሽ? አፍሽን ዝጊ ነው ያልኩሽ።»

ስልኩን ዘጋሁት። አላስጠመቅኳትም። ልጄ ከትምህርት ቤት ቀጥታ ወደ እኔ እየመጣች ኮሪደሩ ጥግ የቤት ሥራዋን ትሠራ ጀመር። ከውስጥ የኳስና የሳቅ ድምፅ ሲመጣ እርሳሷ ቀጥ ይላል።

አንድ ቀን የክበቡ ኃላፊ ብቅ አለች። «ይኼ የአባሎቻችን ሰዓት ነው። ልጅሽ እዚህ መቀመጥ አትችልም።»

መወልወያውን ባልዲው ውስጥ ነከርኩት። የኢሚግሬሽኑ ፋይሌ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ግን ልጄን ወደዚያ ባዶ ቤት ልመልሳት?

«አዳራሹ የካውንቲ ነው» አልኳት በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛዬ። «ካውንቲው ደግሞ እኔም ነኝ። ወለሉ እርጥብ ነው፣ በወዲያ በኩል ዙሪ።»

«ማሚ፣ ስቶፕ» አለች ልጄ በሹክሹክታ።

ሴትዮዋ በወዲያ በኩል ዞረች።

በማግስቱ አለቃዬ ኮል ያደርግልኛል ብዬ ስርበተበት ዋልኩ። ማንም አልደወለም። ልጄ መጣች፤ ወንበሯን ከጥጉ አውጥታ የክበቡ በር ፊት ለፊት አስቀመጠችና ደብተሯን ገለጠች።